ሻምበል አበበ ቢቂላ ከሩጫው ወዲያ

እኔ የምኖረው በኦሎምፒያ ሰፈር ነው። ጧት ወደ ስድስት ኪሎ ለትምህርት ስወጣ፥ ማታም ስመለስ፥ የታክሲ ረዳቶች የሰፈሬን ስም ደጋግመው ሲጠሩ እሰማለሁ። ጆሮዬ ከስሙ ጋር ከመላመዱ የተነሣ ምን ማለት እንደ ሆነ አስቤበት አላውቅም ነበር። አንድ ቀን ማታ ግን ታናሽ እኅቴ ኦሎምፒያ ምን ማለት ነው ብላ ጠየቀችኝ። እኔም የተማርሁ መሆኔን ላሳያት ፈልጌ፥ ኦሎምፒያ በግሪክ አገር የጥንቱ ጨዋታ ይደረግበት የነበረው ስፍራ ስም መሆኑን፥ የዛሬው የኦሎምፒክ ውድድርም ስያሜውን ያገኘው ከዚያ መሆኑን፥ በዚህም ውድድር ለኢትዮጵያ የመጀመሪያውን ወርቅ ያስገኘላት አበበ ቢቂላ መሆኑን ዘረዘርሁላት። ባዶ እግሩን ሮጦ ማሸነፉን ስነግራት አልተደነቀችም፤ ይህንማ በትምህርት ቤት ሰምታዋለች። ይልቁንስ ሚስት ነበረችው ወይ? ልጆችስ ነበሩት ወይ? ከልጆቹ ጋርስ ይጫወት ነበር ወይ? አለችኝ። የምመልስላት አጣሁ።

ይህች ጥያቄ ያለ ምክንያት አልመጣችም። አባታችን ሲሞት እኅቴ የሁለት ዓመት ልጅ ስለ ነበረች መልኩን የምታውቀው በፎቶግራፍ ብቻ ነው። ስለ ማናቸውም የሞተ ሰው ሲነገር እሷ አስቀድማ የምትጠይቀው ልጆች ነበሩት ወይ ብላ ነው።

ውድ ጓደኞቼ፥ የሕፃኗ ጥያቄ ከብዙ የፈተና ጥያቄ ይልቅ አስጨነቀኝ። እኛ የታላላቅ ሰዎችን ታሪክ ስንጽፍ ቤት እንዳልነበራቸው አድርገን ነው። ጦር የመራውን በፈረሱ ላይ፥ ሕግ ያወጣውን በወንበሩ ላይ፥ ሯጩንም በመንገዱ ላይ እንተወዋለን እንጂ ወደ ቤቱ ሲገባ አንከተለውም። ስለዚህ በዚህ ጽሑፍ የአበበን ታሪክ እንደገና ልተርክ እወዳለሁ። ሩጫውን አልተውም፤ አበበን ከሩጫው ለይቶ ማውራት አይቻልምና። ነገር ግን ሩጫው ሲያልቅ የት ይገባ እንደ ነበረና በመከራው ቀን ምን ዓይነት ሰው ሆኖ እንደ ተገኘ ማየት ይገባናል።

አበበ የተወለደው ነሐሴ 1 ቀን 1924 ዓ.ም. በሸዋ፥ ጃቶ በምትባል መንደር ነው። አባቱ ቢቂላ ደምሴ፥ እናቱ ወይዘሮ ውድነሽ በነበሩ ይባላሉ። ነገሩ ያስገርማል፤ በዚያው ዕለት በአሜሪካ አገር በሎስ አንጀለስ ከተማ የኦሎምፒክ ማራቶን ይሮጥ ነበር። ሕፃኑ ግን እንደ ማንኛውም የገጠር ልጅ ከብት እየጠበቀ አደገ። የልጅነት ጨዋታውም ገና ነበረ። የገጠሩን ገና ያየ ሰው እንደሚያውቀው ያ ጨዋታ እንደ ከተማው ኳስ አጥር የለውም። በዚያን ጊዜ ሁለቱ ግቦች በኪሎ ሜትር የሚቆጠር ርቀት ሊኖራቸው ይችል ነበር፤ ዱላውን ይዞ ሩሯን የሚከተል ልጅ ሳያስበው ሯጭ ሆኖ ያድጋል። ስለዚህ የአበበ የመጀመሪያው አሠልጣኝ ጨዋታ ነው ብንል ከእውነት አንርቅም።

በወጣትነቱ ወደ አዲስ አበባ መጥቶ በክቡር ዘበኛ ውስጥ ወታደር ሆኖ ተቀጠረ። ከሱሉልታ ኮረብታዎች እስከ ከተማው 20 ኪሎ ሜትር ያህል ሲሮጥ ይውል ነበር። ኦኒ ኒስካነን የሚባሉት ስዊድናዊ አሠልጣኝ ችሎታውን ተመልክተው ለማራቶን አዘጋጁት።

በዚሁ መካከል እናቱ ሚስት አጩለት። በአገራችን ልማድ መሠረት ሽማግሌ ሄዶ፥ ቤተ ዘመድ ተስማምቶ፥ መጋቢት 7 ቀን 1952 ዓ.ም. ከየውብዳር ወልደ ጊዮርጊስ ጋር ተጋባ። ሙሽራዪቱ የአሥራ አምስት ዓመት ልጅ ነበረች። የዛሬ ሰው ይህን ዕድሜ ሲሰማ ይደነግጣል፤ መደንገጡም ተገቢ ነው። የኛ እኅቶች በዚያ ዕድሜ ደብተራቸውን ይዘው ትምህርት ቤት ናቸው። ነገር ግን ታሪኩ የሚነግረን ይህችው ልጅ የአንድን ታላቅ ሰው ቤት እስከ መጨረሻው ይዛ መቆየቷን ነው። አበበ ታላቅ ሰው ሳይሆን አግብታዋለችና፥ ዝናው የገባው እሷ ካቆመችው ጎጆ ነው።

ከሠርጉ በኋላ ስድስት ወር ሳይሞላ ለሮም ኦሎምፒክ ተነሣ። ከመሄዱ በፊት በዚሁ በአዲስ አበባ በተደረገው ሙከራ ማራቶኑን በ2 ሰዓት ከ21 ደቂቃ ከ23 ሴኮንድ ጨርሶ ነበር። ይህም ቼኮዝሎቫኪያዊው ዛቶፔክ በሄልሲንኪ ካስመዘገበው የኦሎምፒክ ክብረ ወሰን የፈጠነ ነው። ዳሩ ግን ከአዲስ አበባ ውጭ ይህን ያስተዋለ ሰው አልነበረም።

የሮም ማራቶን የተሮጠው ጳጉሜን 5 ቀን 1952 ዓ.ም. ነው። ጓደኞቼ ሆይ፥ ቀኑን ልብ በሉት፤ የዘመን መለወጫ ዋዜማ ነው። በአዲስ አበባ በየደጁ ችቦ በሚበራበት ሌሊት፥ በሮም ጎዳና ግራና ቀኝ ደግሞ የኢጣልያ ወታደሮች ችቦ ይዘው ለሯጮቹ ያበሩ ነበር። 69 ሯጮች ተሰለፉ። አበበ ባዶ እግሩን የሮጠው ጫማ የሚገዛለት አጥቶ አይደለም። እዚያው የተገዛለት ጫማ አልስማማ ብሎ እግሩን ስላቆሰለው፥ ባዶ እግር መሮጥንም ስለ ለመደው ነው። ሞሮኮአዊው ራዲ ቤን አብደሰላም እስከ መጨረሻው ጎን ለጎን ተከተለው። በ1929 ዓ.ም. ፋሺስቶች ዘርፈው የወሰዱት የአክሱም ሐውልት ከቆመበት ስፍራ አካባቢ ሲደርስ ግን አበበ ያለ የሌለ ኀይሉን አውጥቶ ተለየው። በ2 ሰዓት ከ15 ደቂቃ ከ16.2 ሴኮንድም ገባ፤ ከነበረው የዓለም ክብረ ወሰን የቀደመው አንድ ሴኮንድ እንኳ በማይሞላ ጊዜ ነው። ያ ሐውልት ራሱ ወደ አገሩ ለመመለስ እስከ 1997 ዓ.ም. መጠበቅ ነበረበት፤ አበበ ግን በጥቂት ቀናት ውስጥ በእልልታ ተመለሰ።

ንጉሠ ነገሥቱ ኒሻን ሸለሙት፤ የአሥር አለቃነት ማዕረግም ተሰጠው። የሚኖርበት ቤትና የሚሄድበት መኪናም ከክቡር ዘበኛ ታዘዘለት። እዚህ ላይ ግን ሐዘን ከደስታ ብዙም እንደማይርቅ የሚያሳይ ነገር አለ። ከድሉ ሦስት ወር በኋላ፥ በታኅሣሥ 1953 ዓ.ም. የክቡር ዘበኛ አዛዥ ጄኔራል መንግሥቱ ንዋይ የመንግሥት ግልበጣ ሙከራ አደረጉ። በዚያ ሳምንት በአዲስ አበባ ብዙ ደም ፈሰሰ፤ የክቡር ዘበኛ ወታደር ሁሉ ተጠርጣሪ ሆነ። አበበ በነገሩ እጁ ባይኖርበትም ለጥቂት ጊዜ ታስሮ ተፈታ። በመጋቢት ሙሽራ፥ በጳጉሜን የጀግና ሚስት፥ በታኅሣሥ የእስረኛ ሚስት መሆን ምን እንደሚመስል እስኪ እናስብ። አንድ ዓመት እንኳ አልሞላም።

ከዚያ ወዲያ በአቴና፥ በኦሳካና በኮሺትሴ አሸነፈ። በ1955 ዓ.ም. በቦስተን አምስተኛ ወጣ። በውጭ አገር ሮጦ ከጨረሳቸው ማራቶኖች ውስጥ ያላሸነፈው ይኸው አንዱ ብቻ ነው። በጠቅላላው 16 ማራቶን ሮጦ 12ቱን አሸንፏል። በነዚሁ ዓመታት ውስጥ ቤቱ በልጆች ሞላ፤ አበበና የውብዳር አራት ልጆች ወለዱ። ስለዚህ ከውጭ አገር ሲመለስ በአውሮፕላን ማረፊያው ከሚጠብቀው ሕዝብ ሌላ በደጃፉ የሚጠብቁት ልጆች ነበሩት። ለልጅ ደግሞ አባት የዓለም ሻምፒዮን ሆነ አልሆነ ለውጥ የለውም፤ መግባቱ ብቻ ነው ቁም ነገሩ።

የቶኪዮው ኦሎምፒክ ሲቃረብ አበበ ትርፍ አንጀት አሞት በመስከረም ወር 1957 ዓ.ም. ቀዶ ጥገና ተደረገለት። ብዙ ሰው ተስፋ ቈረጠ። እሱ ግን ከአልጋው ተነሥቶ ጥቅምት 11 ቀን በቶኪዮ ተሰለፈ። ከሱ ጋር ማሞ ወልዴና ደምሴ ወልዴ ነበሩ፤ ማሞ መንገድ ላይ አቋረጠ፥ ደምሴ አሥረኛ ወጣ። አበበ በዚህ ጊዜ ጫማ አድርጎ በ2 ሰዓት ከ12 ደቂቃ ከ11.2 ሴኮንድ ገባ፤ ሁለተኛውን በአራት ደቂቃ ያህል ቀደመው፤ በኦሎምፒክ ማራቶንን ሁለት ጊዜ በማሸነፍም የመጀመሪያው ሰው ሆነ። ሌላው ሯጭ ሁሉ ድካም በሚጥለው ሰዓት አበበ ሣሩ ላይ ወጥቶ እጁንና እግሩን እያፍታታ የሰውነት ማጠንከሪያ ይሠራ ጀመር። ሕዝቡ በሳቅና በጭብጨባ ተሞላ። የሙዚቃው ጓድ የኢትዮጵያን መዝሙር ስለማያውቀው የጃፓንን መታው። አበበ ፊቱን የማይፈታ ሰው ይመስለናል፤ ያ ሣር ላይ የታየው ግን በልቡ ጨዋታ ያለበት ሰው ነው።

በዚያው ውድድር ሦስተኛ ስለ ወጣው ጃፓናዊ፥ ስለ ኮኪቺ ጹቡራያ አንድ ነገር ማንሣት ያስፈልጋል። ጹቡራያ ወደ ስታዲየሙ ሁለተኛ ሆኖ ከገባ በኋላ በአገሩ ሕዝብ ፊት እንግሊዛዊው ሂትሊ ቀደመው። ይህ ዕዳ ሆኖበት፥ ሕመምም ተጨምሮበት፥ በ1960 ዓ.ም. በገዛ እጁ ሕይወቱን አጠፋ። ይህን የምጽፈው ለንጽጽር ብዬ ሟቹን ለመውቀስ አይደለም፤ የአገር ክብር በአንድ ሰው ትከሻ ላይ ሲጫን ምን ያህል እንደሚከብድ እንድናውቅ ነው። በአበበም ትከሻ ላይ ያው ሸክም ነበረበት። እሱ ሸክሙን እንዴት እንደ ተሸከመው የታየው ደግሞ በማሸነፉ ሳይሆን በመሸነፉ ነው።

ጥቅምት 10 ቀን 1961 ዓ.ም. በሜክሲኮ ሲሮጥ እግሩ ተጐድቶ ነበር። አሥራ ሰባት ኪሎ ሜትር ያህል ከሄደ በኋላ መጨረስ እንደማይችል ዐወቀ። በዚህ ጊዜ አጠገቡ ይሮጥ ለነበረው ለማሞ ወልዴ እሱ እንደማይጨርስ ነግሮ፥ ድሉን አንተ ለኢትዮጵያ አድርስ ብሎ አደራውን አስረከበው። ማሞም አሸነፈ። ሁለት ጊዜ ዘውድ የጫነ ሰው ሦስተኛውን በወንድሙ ራስ ላይ ሲያይ ደስ ማሰኘቱ ቀላል ነገር አይደለም። እኛ በአንድ የፈተና ውጤት ጓደኛችን ሲበልጠን ስንት ቀን ነው የምናኰርፈው? ልግስና የሚባለው ካለን ላይ ገንዘብ መስጠት ብቻ አይደለም። እጅግ የተመኙትን ነገር ለሌላ ሰው መርቆ መስጠትም ልግስና ነው፤ ምናልባትም ትልቁ እሱ ነው። ከሜክሲኮ መልስ አበበ የሻምበልነት ማዕረግ አገኘ።

ከዚህ በኋላ የመጣው አልጋ ሲሉት አመድ የሚያሰኝ ነው። መጋቢት 13 ቀን 1961 ዓ.ም. ሌሊት አበበ የሚነዳት ፎልክስዋገን ተገለበጠች፤ እሱም ውስጧ እንደ ታፈነ አደረ። ያገኙት በማግሥቱ ጧት ነው። ከቶኪዮ ድል በኋላ የተሰጠው ሽልማት ፎልክስዋገን መሆኑን ስናስታውስ ነገሩ ይበልጥ ያሳዝናል። ስለ አደጋው ሰው የመሰለውን ብዙ አውርቷል። ልጁ ጽጌ አበበ ግን ከአባቷ አንደበት የሰማችውን ጽፋለች፤ በፍጥነት ከሚመጣ መኪና ለመሸሽ ሲሞክር ነው የተገለበጠው። እኔ በበኩሌ የልጅን ምስክርነት ከመንገድ ወሬ አስበልጣለሁ።

በመጀመሪያ እጁንም እግሩንም ማንቀሳቀስ ተሳነው። ወደ እንግሊዝ አገር ስቶክ ማንደቪል ሆስፒታል ተልኮ ስምንት ወር ታከመ፤ ንግሥት ኤልሳቤጥም ጠየቁት። እጆቹ ዳኑ፤ እግሮቹ ግን ዳግመኛ አልሄዱም። ዓለም የሚያውቀው በሁለት እግሮቹ ነበር፤ የተወሰዱበትም እነዚያው ሆኑ። እሱ ግን ድሉም የእግዚአብሔር ፈቃድ ነበረ፥ አደጋውም የእግዚአብሔር ፈቃድ ነው፥ ያንን በደስታ እንደ ተቀበልሁ ይህንንም መቀበል አለብኝ ይል ነበር። እንዲህ ማለት ለብዙ ሰው የአፍ ነገር ነው። አበበ ግን ቃሉን በሥራ ገለጠው። እንዴት ቢሉ፥ በጨዋታ!

በተሽከርካሪ ወንበር ላይ ተቀምጦ ቀስት መወርወርና የጠረጴዛ ቴኒስ ተማረ። በ1962 ዓ.ም. በስቶክ ማንደቪል በተደረገው የአካል ጉዳተኞች ውድድር በሁለቱም ተሰለፈ። በ1963 ዓ.ም. ደግሞ ወደ ኖርዌይ ተጋብዞ ሄደ። እዚያም በበረዶ ላይ በውሾች በሚጐተት ተንሸራታች ጋሪ ተወዳድሮ በ1 ሰዓት ከ16 ደቂቃ ከ17 ሴኮንድ አንደኛ ወጣ። የጃቶው እረኛ፥ የገና ተጫዋቹ ልጅ፥ በኖርዌይ በረዶ ላይ ውሾች እየነዳ ሰው ሲቀድም ይታያችሁ! ዝናውን እንዳያጐድፍ የሚፈራ ሰው ቢሆን ኖሮ ተሸናፊ ሆኖ መታየትን ጠልቶ ቤቱ ይዘጋ ነበር። ሁለት ጊዜ የዓለም አንደኛ የነበረ ሰው በማያውቀው ጨዋታ ጀማሪ ለመሆን አለማፈሩ፥ ጨዋታን ለጨዋታነቱ ይወድ እንደ ነበር ያስረዳል። ለአካል ጉዳተኛ ወገኖቻችንም ሁሉ በቃል የማይሰጥ ተስፋ ሰጣቸው።

በ1964 ዓ.ም. ለሙኒክ ኦሎምፒክ የክብር እንግዳ ሆኖ ተጠራ። በወንበሩ ሆኖ ሲገባ ሕዝቡ በሙሉ ተነሥቶ አጨበጨበለት። የሙኒክ ማራቶን የተሮጠው ጳጉሜን 5 ቀን ነው፤ ሮም ላይ ካሸነፈ ልክ አሥራ ሁለት ዓመቱ፥ ያው የዘመን መለወጫ ዋዜማ። ያሸነፈው አሜሪካዊው ፍራንክ ሾርተር ሲሆን ማሞ ሦስተኛ ወጣ። ሾርተር ሜዳዩን ከተቀበለ በኋላ ወደ አበበ ሄዶ እጁን ጨበጠ። በአንደኛው ዋዜማ አበበ ሮጦ ክብርን ተቀበለ፤ በሌላው ዋዜማ ተቀምጦ ክብርን ለሌላ አስተላለፈ። ሁለቱንም በእኩል ፊት አደረገው።

ከዚህ በኋላ የቀረው ዕድሜ አንድ ዓመት ከአንድ ወር ተኩል ያህል ብቻ ነበር። ጥቅምት 15 ቀን 1966 ዓ.ም. አንጐሉ ውስጥ ደም ፈስሶ በ41 ዓመቱ ዐረፈ። ንጉሠ ነገሥቱ ብሔራዊ የሐዘን ቀን ዐወጁ፤ በቀብሩም 65 ሺህ ያህል ሕዝብ እንደ ተገኘ ይገመታል። ያረፈው በአዲስ አበባ ቅዱስ ዮሴፍ ነው። ከተማችንም በስሙ ስታዲየም ሰይማለች።

ቀብሩ ካለቀ በኋላ ያ ሁሉ ሕዝብ ወደየቤቱ ሄደ። የአበበም ቤተ ሰብ ወደ ቤቱ ተመለሰ። የአሥራ አምስት ዓመት ሙሽራ የነበሩት ወይዘሮ የውብዳር ሠላሳ ዓመት ሳይሞላቸው አራት ልጆች ይዘው መበለት ሆኑ። አገር ጀግናዋን አለቀሰች፤ እሳቸው ባላቸውን፥ ልጆቹ አባታቸውን አለቀሱ። እነዚህ ሁለት ልቅሶዎች አንድ አይደሉም። የአገር ልቅሶ በሦስት ቀን ድንኳኑን ያነሣል፤ የቤት ልቅሶ ግን ማዕድ በቀረበ ቍጥር ባዶ ወንበር ያያል። ጥቂት ወራት ቈይቶ አብዮት ፈነዳ፤ ኒሻን የሸለሙት ንጉሥም ከዙፋናቸው ወረዱ። የዘመኑ ሰው ሁሉ ሌላ ነገር ያዘው። አባታቸውን ማስታወስ ለቤተ ሰቡ የቀረ ሥራ ሆነ። ልጁ ጽጌ አበበም አድጋ የአባቷን ታሪክ ጽፋ በ1988 ዓ.ም. ገደማ አሳተመች። መጽሐፏንም በድልና በመከራ ሰየመችው፤ ድሉን ብቻ ብትጽፍ ኖሮ የሯጩ ታሪክ ይሆን ነበር፥ መከራውን ስትጨምርበት ግን የአባቷ ታሪክ ሆነ።

ይህን ሁሉ ካነበብሁ በኋላ ወደ እኅቴ ተመልሼ ጥያቄዋን መለስሁላት። አዎን፥ ሚስት ነበረችው። አራት ልጆችም ነበሩት። በልጅነቱ ገና ይጫወት ነበር፤ እግሮቹ ከከዱት በኋላም የጠረጴዛ ቴኒስ ይጫወት ነበር፤ ቀስት ይወረውር ነበር፤ በበረዶ ላይ ውሾች ይነዳ ነበር። የውሾቹን ነገር ስትሰማ ሳቀች። ቀጥላ ምን እንደ ጠየቀችኝ ትገምታላችሁ፤ የኛስ አባት ምን ይጫወት ነበር አለችኝ። እኔም የማስታውሰውን ነገርኋት፤ እናታችንም ከጓዳ ሰምታ መጣችና እኔ የማላውቀውን ጨመረችበት። አባታችን ደመወዝ በተቀበለ ቀን ለጎረቤት ልጆች ሁሉ ከረሜላ ገዝቶ እንደሚገባ፥ እናታችን ስትቈጣውም እየዘፈነ ያስቃት እንደ ነበረ የሰማሁት በዚያች ማታ ነው። ከሞተ ጀምሮ በቤታችን ስለሱ እንዲህ በሳቅ ተወርቶ አያውቅም ነበር።

ጓደኞቼ ሆይ፥ በዩኒቨርሲቲያችን የታሪክ ጽሑፍ ስናዘጋጅ የነገሥታቱንና የጀግኖቹን ዘመን ማጥናታችን መልካም ነው። ነገር ግን አንድ ሰው ማን እንደ ነበረ የሚያውቁት በቤቱ አብረውት የኖሩት ናቸው፤ እነሱም ለዘለዓለም አይኖሩም። በዚህ ዕረፍት ወደየቤታችን ስንሄድ እናቶቻችንን እንጠይቅ። የታክሲው ረዳት ኦሎምፒያ ብሎ ሲጠራ እኔ ከእንግዲህ የማስበው የሮምን ጎዳና ብቻ አይደለም፤ አንድ ሰው ከሩጫው ወዲያ የሚገባበትን ደጃፍም ነው።